የዓይናዲስ አፍንጫና የጠዳው ናፍጣ

ከአዘዞ ወደ ጠዳ በሚመላለሰው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ የተሳፈረ ሰው ወሬውን ሳይሰማ አይወርድም። ዓይናዲስ የምትባል ጠላ ሻጭ ጓሮዋን ስትቆፍር ነዳጅ አገኘች፤ መንግሥት እንዳያይባት ጋን ደፋችበት፤ በጋኑ ላይ ድርቆሽ ከመረችበት፤ እየቀዳችም ለመተማ መኪኖች ትሸጣለች ይላል ወሬው። እዚህ ላይ የሚያቆም ጨዋ ወሬኛ ነው። ጨዋ ያልሆነው ይጨምርበታል፦ ባሕር ዳር ላይ ባለ አራት ፎቅ ጀምራለች፤ አንድ ቻይና ሽማግሌ ልኮባት ነበር፤ ሽታው ደስ አላለኝም ብላ መለሰችው።

ከዚህ ሁሉ ለእውነት የምትቀርበው የመጨረሻዋ ናት፤ ቻይናው ቢኖር ኖሮ። ዓይናዲስ ሰውን የምትመዝነው በአፍንጫዋ ነውና።

የቀረው ይታረም። የዓይናዲስ ጓሮ ከጌሾ በቀር ምንም አልበቀለበትም፤ ምንም አልተቆፈረበትም። ናፍጣ ማግኘቷ ግን አይካድም። ያገኘችው የሰው ናፍጣ ነው። ያውም እሷ ናፍጣውን ከማግኘቷ በፊት ናፍጣው እሷን አገኛት፤ የሚካኤል ዕለት፣ ጠላዋ ውስጥ ገብቶ፣ በሰው ፊት።

ዓይናዲስ የዳባት ደጋ ልጅ ናት። እናቷ ስሙን ያወጣችላት ዓይን ዓይኗን አይታ ነው፤ ትንሽ ዝቅ ብላ ብታይ ኖሮ ስሙ ሌላ በሆነ ነበር። አፍንጫዋ ለወጉ ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን የሦስት ሰው ነው። ገና በስድስት ዓመቷ፣ በዐቢይ ጾም አጋማሽ፣ በአንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ደጃፍ ስታልፍ ቆም ብላ፣ «እማ፣ እዚህ ቤት ሽሮው ቅቤ አለበት!» ብላ ጮኸች። ወይዘሮዋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓይናዲስ በሰፈሩ ካለች ጾም ገድፈው አያውቁም ይባላል። እናቷ ደጋግማ ቆነጠጠቻት። ምን ዋጋ አለው፤ የሸተታትን ሳትናገር ካደረች ሆዷን ይነፋታል። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ ዛሬም ይነፋታል።

ወደ ጠዳ ያመጣት ባሏ ካሣዬ ነው፤ የከባድ መኪና ሾፌር። አብራው በኖረችባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት ከሸሚዙ ላይ ያልተማረችው ትምህርት የለም። ናፍጣን ከቤንዚን፣ ቤንዚንን ከነጭ ጋዝ፣ አዲስ ዘይትን ከተቃጠለ ዘይት መለየት ለእሷ በርበሬን ከእርድ እንደ መለየት ነው። አንድ ጠዋት ካሣዬ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ ሊያድር ሲነሣ፣ ልትሰናበተው አንገቱን አቀፈችና ወዲያው ወደ ኋላ አለች።

«ዛሬ አትሄድም።»

«ምነው? ሕልም አየሽ?»

«ሕልም አላየሁም። እጅጌህ ፍሬን ዘይት ይሸታል።»

ካሣዬ እየሳቀ መኪናው ሥር ገባ፤ ሳይስቅ ወጣ። የፍሬኑ ቱቦ እንደ ደከመው ሰው ግንባር ያልበው ነበር። ሊማሊሞን ያየ ሰው ቀሪውን አይጠይቅም። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ መኪናውን ዞራ ሳታሸት ካሣዬ ሞተር አስነሥቶ አያውቅም። ጎረቤቱም ጠዋት ጠዋት መስኮት ከፍቶ፣ «ጽና ቀራት እንጂ ማጠኑስ አልቀራት» እያለ ይስቅ ነበር።

እንዲህ ተጠብቆ መኪና ያልገደለውን ሰው ባለፈው ዓመት ጉበቱ ገደለው። ተስካሩ በየካቲት ወጣ። ሰፈሩ ከዋርካ ሥር ምንጭ በላይ ያለው ሜዳ ላይ የእድሩን ትልቅ ድንኳን ተክሎ ሁለት ቀን በላ፣ ጠጣ፣ ሟቹን አመሰገነ፣ ወጡን አማ። እንግዳው ሲበተን ዓይናዲስ እንባዋን ጠርጋ ጣሳ በዘንግ ላይ ደፍታ ደጇ ላይ አቆመች፤ ጠላ ቤት ከፈተች ማለት ነው። ገብሱን ከዳባት ታስመጣለች፤ ጌሾው የጓሮዋ ነው፤ ውኃውን ከዋርካ ሥር ትቀዳለች። በሦስት ወር ውስጥ ጠላዋን ለመጠጣት ከአዘዞ ድረስ የሚመጣ ሰው ተገኘ።

የሰኔ ሚካኤል ማኅበር ተራ የደረሰው ለአያ ቢያዝን ነበር። አያ ቢያዝን የሰፈሩ ካስማ መቺ ነው። ሠርግ ይሁን ልቅሶ፣ የእድሩ ድንኳን በተተከለ ቁጥር መዶሻውን ለሌላ ሰው አይሰጥም፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶታል፣ ክንዱ ግን የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነው እያለ በየድግሱ ሸሚዙን ይጠቀልላል። ለማኅበሩ አንድ ሙሉ ጋን ጠላ ከዓይናዲስ አዘዘ።

እዚህ ላይ፣ ይህን ያህል አፍንጫ ያላት ሴት ናፍጣው ጠላዋ ውስጥ ሲገባ የት ነበረች ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ቤቷ ነበረች፤ ጉንፋን ይዟት። የሰኔ መጀመሪያ ዝናብ ያመጣባት ጉንፋን ሁለት ሳምንት አልለቀቃትም፤ እሷም እንደ አገሩ ልማድ በሁለቱም የአፍንጫዋ ቀዳዳዎች ጤና አዳም ወትፋ ነበር የጠነሰሰችው፣ የደፈደፈችው፣ ውኃ የሞላችው። በዚያ ሰሞን ለእሷ ዓለም በሙሉ ጤና አዳም ጤና አዳም ይሸት ነበር። ሌላው ሰው ደግሞ ዝናብ ከጣለ ወዲህ ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውኃ እያጠራቀመ ይጠጣል እንጂ ዋርካ ሥር አይወርድም። የቆርቆሮ ውኃ ጠላ ያበላሻል ብላ እስከ ምንጩ የምትወርድ እሷ ብቻ ነበረች።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ ጠላውን ባርከው የመጀመሪያውን ዋንጫ ተቀበሉ፤ አንድ ጉንጭ ሳቡ፤ ቀጥ አሉ። እንዳይተፉት የሚካኤል ነው። እንዳይውጡት ናፍጣ ነው። ጉንጫቸውን እንደ ነፉ ማኅበርተኛውን አንድ በአንድ አዩት። መጨረሻ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ዋጡ።

«ቢያዝን» አሉ፤ «ይህ ጠላ የተጠመቀው ጋራዥ ውስጥ ነው?»

ዋንጫው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ አሽትቶ አሳለፈ፤ አንዱ ከንፈሩን ነክሮ አሳለፈ፤ አንዱ፣ «ይህስ ሳያቆም መተማ ያደርሳል» አለ። አያ ቢያዝን በገዛ ቤቱ የተዋረደ ሰው ነውና ብድግ አለ።

«ይቺ ሴት በካሣዬ የናፍጣ ጀሪካን ውኃ ቀድታ ነው! ሌላ ምን ይሆናል? የሾፌር ቤት!»

«ጀሪካኖቹን ከተስካሩ በፊት ለወንድሙ ሰጥቻለሁ!» አለች ጋኑ አጠገብ የቆመችው ዓይናዲስ። ነገር ግን ጤና አዳሙ አፍንጫዋን ስለ ደፈነው ድምፅዋ ከጋን ሥር የሚወጣ ይመስል ነበር። በዚያ ድምፅ እውነት ተናግሮ የታመነ ሰው የለም።

ለሌላ ሰው ይህ የአንድ ቀን ሳቅ ነው። ለጠላ ሻጭ ግን ስሟ ሌላው ጋኗ ነው፤ እሱ ከተሰነጠቀ የምትጠምቅበት የላትም። በማግሥቱ ከዓይናዲስ አግዳሚ ወንበር ላይ ድመቷ ብቻ ተቀመጠች። በሁለተኛው ቀን አንድ ሰው መጣ፤ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እትየ፣ ይሙሉልኝ!» ብሎ እየሳቀ አለፈ። ዓይናዲስ ጣሳውን ከዘንጉ ላይ ልታወርድ እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ተወችው። ካወረደችው ጀሪካኑን አመነች ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ጉንፋኑ ለቀቃት። ጤና አዳሙን አውጥታ ጣለችና ማልዳ ወደ ዋርካ ሥር ወረደች። ምንጩ ጋ ለመድረስ ሃያ እርምጃ ያህል ሲቀራት እግሯ አልሄድ አለ። ካሣዬ ሸተታት። ዓርብ ማታ ከመንገድ ገብቶ ጃኬቱን በሩ ላይ ሲሰቅል እንደሚሸተው፣ ልክ እንደዚያው። እርጥቡ ሣር ላይ ቁጭ አለች። ትንሽ አለቀሰች፤ ሰው ያያት እንደሆን ዞር ዞር ብላ አየች፤ እንደገና ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ ነገሩ ገባት። ካሣዬ የሞተ ሰው ነው፤ የሞተ ሰው ናፍጣ አይቀዳም። ይህ በሕይወት ያለ ሰው ናፍጣ ነው።

«ምንጩ ነው የሸተተው እንጂ ጠላዬ አይደለም!» እያለች ሰፈሩን ዞረች። የሚያምናት አላገኘችም። ውሸቷን ሊያጋልጥ ወደ ምንጩ የወረደው አያ ቢያዝን ግን ሌላ ዜና ይዞ ተመለሰ። በውኃው ላይ የማርያም መቀነት ተዘርግቷል! ሰማይ ላይ ሳይሆን ውኃ ላይ፤ ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሐምራዊው፣ ሁሉም። ጉልበቱን ታጥቦበት ቀለል ብሎታል።

እውነትም ናፍጣ ውኃ ላይ ሲንሳፈፍ ያን ቀለም ያወጣል። ይህን የሚያውቅ ሾፌር ነው፤ ሾፌር ደግሞ በዚያ ሰዓት ሰፈር ውስጥ አልነበረም። እስከ ረፋድ ድረስ ሰዉ ጠርሙስ ይዞ ተሰለፈ።

ዓይናዲስ ከሰልፉ ፊት ወገቧን ይዛ ቆመች። «እኔ ጋን ሲገባ ናፍጣ፣ እናንተ ጠርሙስ ሲገባ ጠበል? ምነው፣ በዕቃ ይለያል እንዴ?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሴት! ተአምር ላይ ታላግጫለሽ?» አለ አያ ቢያዝን፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ እንደ ጠቀለለ።

መምሬ ወልደ ዮሐንስ መጡ። ያን ጉንጭ አልረሱትም ነበር። ምንም ሳይናገሩ በበትራቸው ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠመጠሙ፤ በማርያም መቀነቱ ላይ አለፍ አለፍ እያደረጉ አጠቀሱት፤ ክብሪት ጫሩ። ጨርቁ መጀመሪያ ተንጣጣ፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ እያትጎለጎለ ነደደ።

«ልጆቼ» አሉ መምሬ፤ «ጠበል ሰይጣንን ያቃጥላል እንጂ ራሱ አይቃጠልም። ጠርሙሳችሁን ድፉ።»

አያ ቢያዝን ሱሪውን አወረደ። ስለ ጀሪካኑ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። እንዲያውም ከሰዓት በኋላ፣ «ምንጩን ያበላሸችው እዚያ ጀሪካኗን አጥባ ነው» የሚል አዲስ ወሬ ተወለደ፤ አባቱ ማን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ አያስቸግርም። ዓይናዲስ ጣጣዋ ባሰ። አሁን የአንድ ጋን ጠላ ሳይሆን የሰፈር ምንጭ አበላሽ ሆነች። ናፍጣው ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ በጠዳ የሚቀጥለውን ጋን የምትጠምቀው ለድመቷ ነው።

ከሜዳው በላይ፣ ከፍታው ላይ፣ የአንድ አዲስ አበባ የሚኖር ነጋዴ የናፍጣ ማከማቻ አለ። ታንከሩ እዚያ ነው፤ መቅጃው ደግሞ ታች አስፋልቱ ዳር። ሁለቱን የሚያገናኘው ቧንቧ በሜዳው ሥር ተቀብሯል ይባላል፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ የሚያውቅ ግን የለም። ኃላፊው ክንዱ የሚባል፣ ፀሐይ ኖረም አልኖረም ጥቁር መነጽር የማይለየው ሰው ነው።

«የእኔ ቧንቧ? የእኔ ቧንቧ ከእናንተ ይልቅ ጤነኛ ነው» አለ ክንዱ። ከየካቲት ጀምሮ ናፍጣው እየጎደለበት ነበር፤ በመጋቢት በፀሐይ ተነነ አለ፤ በግንቦት ዘበኛውን ሌባ ብሎ አባረረ። የቧንቧው ካርታ የት አለ ሲሉት፣ «አዲስ አበባ» አለ። አዲስ አበባ ለማይፈለግ ወረቀት ሁሉ ሩቅ አገር ነው።

ቀበሌው ምንጩን በእሾህ አጠረና ወደ ማራኪ፣ ወደ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ። በሳምንቱ ልዕልት የምትባል ወጣት መምህርት የላስቲክ ቦቲ አድርጋ፣ አንድ ሳጥን አንግታ መጣች። ከሳጥኑ ውስጥ ምላስ የመሰለ ነገር የተቀጠለበት መሣሪያ አወጣች።

«ይህ ምን ይሠራል፣ ልጄ?» አለች ዓይናዲስ።

«ያሸታል፣ እትየ። አየሩ ውስጥ ነዳጅ ካለ ይጮኻል።»

ዓይናዲስ መሣሪያውን እንደ ጣውንት ከላይ እስከ ታች አየችው። «ጉንፋን ይይዘዋል?»

«አይይዘውም።»

«እሱስ ታድሏል» አለችና ቀረብ አለች። መሣሪያው ጮኸ። ወደ ኋላ አለች፤ ዝም አለ። ደግማ ቀረበች፤ ደግሞ ጮኸ።

«ማሽኑም መሰከረባት!» አለ አያ ቢያዝን፣ ሜዳው ላይ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ሰዉ አጉረመረመ። ዓይናዲስ ከሰው ጋር መከራከር ትችላለች፣ ከሳጥን ጋር እንዴት ይከራከሩታል?

ልዕልት ቁጥሩን አይታ ግንባሯን ቋጠረች። «እትየ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ሲሠሩ ነበር?»

«ያን መከረኛ ጠላ ስደፋ ቀሚሴ ላይ ፈሰሰ።»

«እሱ ነው! መሣሪያው የመጠጥ አልኮልንና ናፍጣን አይለይም።» ይህን ብላ መሣሪያውን ወደ አያ ቢያዝን አፍ አስጠጋችው። ከዓይናዲስ ቀሚስ ይልቅ ሁለት እጥፍ ጮኸ። ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ መሣሪያው ሊጠጋ የደፈረ ወንድ አልተገኘም፤ ሜዳውም ለሥራ ተመቸ።

ልዕልት እውነቱን ነገረቻቸው። ሜዳው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ አፈሩ ላቦራቶሪ መግባት አለበት፤ ውጤቱ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። እስከዚያ ናፍጣው ወደ ምንጩ መውረዱን አያቆምም።

«አፈሩን ለእኔ ስጪኝ» አለች ዓይናዲስ።

ሰዉ ሳቀ። ልዕልት አልሳቀችም። ዘጠኝ ጉድጓድ አስቆፈረች፤ ከየጉድጓዱ እፍኝ አፈር ዘጠኝ የፕላስቲክ ኩባያ ውስጥ አድርጋ ቁጥሩን ከሥር ጻፈች፤ ዓይናዲስን ፊቷን አዙራ፣ ኩባያዎቹን ደባለቀቻቸው። «አየሽ፣ አላየሽ የሚል ክርክር እንዳይነሣ ነው» አለች።

ዓይናዲስ አንድ በአንድ አነሣች።

«ይሄ አፈር ነው። ይሄም አፈር ነው፤ አህያ አልፎበታል። ይሄ... ነጭ ጋዝ፤ የቆየ ነው፤ ፋኖስ ተሰብሮበታል።»

«በጥምቀት እኔ ነኝ የሰበርኩት!» አለ አንድ ሰው ከኋላ፣ ሳያስበው። ሚስቱ ዞር ብላ አየችው፤ ፋኖሱ ተሰረቀ ብሏት ነበር።

«ይሄ ናፍጣ ነው፤ ግን እንግዳ ነው፤ ሲያልፍ አዳሩን እዚህ አደረገ እንጂ ኗሪ አይደለም።» ሰባተኛውን አነሣች። ወዲያው ፊቷን አዞረች፤ ኩባያውን ግን አልለቀቀችም። «ይሄ ቤቱ ነው» አለች ቀስ ብላ።

ልዕልት ሁለት ጊዜ ደባልቃ ሁለት ጊዜ ሰጠቻት። ሁለቱንም ጊዜ ያንኑ ኩባያ አወጣች። ከሥሩ የተጻፈው አራት ነበር፤ ከሜዳው መሐል የተቆፈረው ጉድጓድ።

አራተኛውን ጉድጓድ አሰፉት። አፈሩ እየጠቆረ፣ እየራሰ ሄደ። ጉልበት ያህል እንደ ወረዱ አካፋው ብረት ነክቶ ጮኸ። በእጃቸው ጠረጉት፤ ቧንቧ ነው። በቧንቧው ጀርባ ላይ፣ ተረከዝ ላይ እንደ ተሰካ እሾህ፣ አንድ ወፍራም ብረት ቆሟል፤ በዙሪያው ናፍጣ እንደ ቁስል ያዥጋል። ራሱ ላይ ቀለበት ያለው ብረት ነው። ብረቱን የማያውቅ ሰው በሜዳው ላይ አልነበረም። የእድሩ ድንኳን ካስማ ነው።

ሁሉም ዞሮ አያ ቢያዝንን አየ።

የየካቲቱ ነገር ለሁሉም ትዝ አለው። የካሣዬ ተስካር ዋዜማ አንድ ካስማ አልገባ ብሎ ነበር። አያ ቢያዝን፣ «ድንጋይ ነው፤ ለድንጋይ እኔ አለሁለት!» ብሎ ትልቁን መዶሻ አስመጣ፤ ሴቶቹ ሁሉ ቆመው እያዩ፣ ሸሚዙን ጠቅልሎ ሦስት ጊዜ መታ። በሦስተኛው ካስማው ቅቤ ውስጥ እንደሚገባ ቢላዋ ስምጥ አለ፤ ተጨበጨበለት። ድንኳኑ ሲነሣ ግን ካስማው ቢጎተት፣ ቢወዘወዝ አልነቀል አለ፤ አፈር መልሰውበት ሄዱ። ናፍጣው በጋውን አፈሩ ውስጥ ከረመ፤ የሰኔ ዝናብ ወደ ምንጩ አወረደው።

«ድንጋይ መስሎኝ ነበር» አለ አያ ቢያዝን። ድምፁ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ድምፅ አልነበረም።

ክንዱ መነጽሩን አወለቀ። «አያችሁ! ቧንቧዬ ጤነኛ ነበር! ወግታችሁ የገደላችሁት እናንተ ናችሁ!»

«አቶ ክንዱ» አለች ልዕልት፤ «የናፍጣ ቧንቧ በጉልበት ጥልቀት፣ ያለ አንድ ምልክት፣ ሰው ድንኳን የሚተክልበት ሜዳ ላይ ይቀበራል?» ክንዱ መነጽሩን መልሶ አደረገ።

አንድ ጎረምሳ ነገሩን ሊገላግል ካስማውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ልዕልት ጮኸች፦ «እንዳትነቅለው! አሁን ቡሽ ሆኖ የያዘው እሱ ነው! መጀመሪያ ከላይ ይዘጋ!» ክንዱ ያለ ክብሩ እየሮጠ ወጣና ታንከሩ ሥር ያለውን የቧንቧ መዝጊያ፣ ሳራቺኔስካውን፣ ጠርቅሞ ዘጋ።

ጥፋቱ ሜዳው ላይ ባለቤት አጥቶ ትንሽ ተንከራተተ። ክንዱ ወደ እድሩ፣ እድሩ ወደ ክንዱ ገፋው። በመጨረሻ አያ ቢያዝን መውጫ ያገኘ መስሎት፣ «ለመሆኑ ተስካሩ የማን ነበር?» አለ፤ ሰዉም ሁሉ ወደ ዓይናዲስ ዞረ።

«የካሣዬ» አለች ዓይናዲስ። «ክሰሰው። አድራሻውን መምሬ ያውቃሉ።»

መምሬ ወልደ ዮሐንስ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ጽዳቱ በደቦ ሆነ። ከምንጩ በላይ አግድም ቦይ ተቆፈረ፤ ቦዩ ውስጥ የከረመ የጤፍ ጭድ ተጎዘጎዘ፤ ውኃው ሲያልፍ ጭዱ ናፍጣውን እየጠጣ ያስቀራል። የጠቆረው አፈር ተዝቆ ሸራ ላይ ተከመረ። ክንዱ አሮጌውን ቧንቧ አውጥቶ አዲሱን በሰው ቁመት ጥልቀት አስቀበረ፤ በላዩም በየአሥር እርምጃው ቀይ ድንጋይ አስተከለ። የትኛው ጭድ እንደ ጠገበ፣ የትኛው ገና እንደሆነ የምትፈርደው ዓይናዲስ ነበረች፤ ልዕልት በመሣሪያዋ ትለካለች፣ ከዚያ ዞር ብላ፣ «እትየ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?» ትላታለች። የአያ ቢያዝን በሬ አጥሩን ጥሶ ገብቶ ከጭዱ አንድ አፍ ዛቀና፣ ባለቤቱን በወቀሳ ዓይን አይቶ መልሶ ተፋው።

የደቦው ችግር አንድ ነበር። ጠላ የሌለበት ደቦ በዚያ አገር ታይቶ አይታወቅም፤ ምንጩ ደግሞ ታጥሯል። ክንዱ ሁለት ሳጥን ለስላሳ አስመጣ። ጎልማሶቹ ጠርሙሱን እንደ ስድብ ተቀበሉት። «ለስላሳ ጠጥቶ የቆፈረ ሰው መቃብሩን እንኳ አያደርስም» አለ አንዱ እያገሳ። አያ ቢያዝን በመዶሻ ፈንታ አካፋ ይዞ ከሁሉም በላይ ሠራ፤ አምስት ቀን ሙሉ አልቀረም። ለዓይናዲስ ግን፣ «እንዴት አደርሽ» ከማለት ሌላ ምንም አላላትም። ይቅርታ የሚባለው ነገር አልነቀል እንዳለው ካስማ ጉሮሮው ላይ ቆሞበት ነበር።

ክረምቱን ዓይናዲስ ቆሎ እየሸጠች አሳለፈችው። ጠላ አጣፍጣ የኖረች ሴት ቆሎ ስትቆላ እጇ ይሰንፋል፤ እሷም ይህን ታውቀዋለች። ልዕልት በየወሩ እየመጣች ከምንጩ ውኃ በጠርሙስ ትወስድ ነበር። በነሐሴ፣ «ገና ነው» አለች። በመስከረም፣ «ቀርቧል» አለች። በጥቅምት መጨረሻ ማኅተም ያለበት ወረቀት አምጥታ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ሰዉ ወረቀቱን አነበበ፤ ካነበበ በኋላ ዓይናዲስን አየ። እሷ ዋርካ ሥር ወረደች፤ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ውኃ ነው፤ ሌላ ማንም የለበትም። ጥቂት ቆየችና ተመለሰች፤ በዚያው ዕለት ጌሾ አሰጣች።

በኅዳር ሚካኤል ማኅበርተኛው በዓይናዲስ ቤት ተሰበሰበ፤ ተራው የሌላ ሰው ቢሆንም ለምና የወሰደችው እሷ ናት። መምሬ ወልደ ዮሐንስ መጡ፤ ልዕልት ከማራኪ መጣች፤ ክንዱም ያለ መነጽሩ መጣ። አግዳሚ ወንበሩ ጠበበ። ዋንጫው በሰው ሁሉ እጅ ታደለ። ዓይናዲስ የጋኑን አፍ ከፍታ ማንቆርቆሪያዋን ሞላች። አምስት ወር ሙሉ ያልተባለው ነገር በሰው መሐል እንደ አንድ እንግዳ ተቀምጧል።

አያ ቢያዝን ይህን ዝምታ አልቻለውም። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ ብድግ አለ።

«እኔ'ኮ ድሮም ብያለሁ! በጠዳ ብትዞሩ፣ ጎንደር ብትወጡ፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ጠላ አታገኙም! ጌሾው እንዴት ነው! አወራረዱ እንዴት ነው! ሸጋ ነው!»

«ሸጋ ነው!» አለ ቤቱ በሙሉ። «እጅሽን ይባርከው! ሸጋ ነው!» ክንዱ ከሁሉ አስበልጦ ጮኸ።

ዓይናዲስ ማንቆርቆሪያዋን እንደ ያዘች የሁሉንም ዋንጫ አንድ በአንድ አየች።

«አያ ቢያዝን» አለች፤ «ገና አልቀዳሁም'ኮ።»